ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የደብረ ብርሃን ብርሃን
ስለ ዘመን ፍጻሜና ስለ ሰማይ ምልክት የቀረበ ትምህርት

በሰሜን ሸዋ ደጋዎች፥ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ፥ ዝናም ከወቅቱ ሲዘገይ፥ ልጅ አባቱን ሲደፍር፥ ጎረቤትም በጎረቤቱ ላይ በሐሰት ሲምል ሽማግሎች ስምንተኛው ሺህ መግባቱን እያነሡ ያዝናሉ። ይህ አነጋገር እንዲያው ከአፍ የወጣ ተረት አይደለም። ሥሩ አባቶቻችን ካቆዩልን ከባሕረ ሐሳብ ላይ ነው። በዚሁ ቍጥር ከአዳም እስከ ጌታችን ልደት 5500 ዘመን ነው። በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ስለዚህ 2000 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7500 ነበረ፤ ሰባቱ ሺህ ደግሞ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ጳጕሜን ሲያልቅ ነው። እንግዲህ እኛ ዛሬ የምንኖረው የስምንተኛው ሺህ እኩሌታ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆቻችን ስለ ዓለም ዕድሜ ሌላ ቍጥር ይማራሉ። ፀሐይ ከ4 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ እንደምታበራ፥ ለወደፊቱም 5 ቢሊዮን ያህል ዓመት ካበራች በኋላ ባሕርይዋ ተለውጦ እጅግ ገዝፋና ቀልታ በአጠገቧ ያሉትን ዓለማት እንደምታቃጥል መምህራን ያስረዷቸዋል። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ የልጁ ትምህርት የጌታን ምጽአት የሚክድ ይመስለዋል፤ ልጁም የሽማግሌውን እምነት ፍርሃት ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ሁለቱ ሳይግባቡ ያድራሉ። ስለዚህ በእነዚሁ ደጋዎች መግቢያ ላይ ከተማ ቈርቍረው የኖሩትን፥ በሰማይ ያዩትንም ብርሃን የእግዚአብሔር ቃል አድርገው የተረጐሙትን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ሕይወት ለአንባብያን ማቅረብ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ልደታቸውና አስተዳደጋቸው

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዐፄ ዳዊትና የንግሥት እግዚእ ክብራ ልጅ ሲሆኑ በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር አገር ጥልቅ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የንጉሥ ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ በአምባ ይጠበቁ በነበረበት ሥርዐት መሠረት እርሳቸውም ብዙ ዘመን በአምባ ግሸን ተቀመጡ። ይህ ግሸን በወሎ አምባሰል ያለው ነው እንጂ ከመንዝ ጋር የሚዋሰነው ግሼ አይደለም። ወንድሞቻቸውና የወንድማቸው ልጆች ተራ በተራ ሲነግሡና ሲሞቱ እርሳቸው በመጻሕፍት ንባብ ኖሩ። በኋላ ከነገሥታት ሁሉ ተለይተው በደራሲነት እንዲታወቁ ያደረጋቸው ይህ የዝምታ ዘመን ሳይሆን አይቀርም።

በ1426 ዓ.ም. ከአምባው ወርደው ነገሡ፤ የመንግሥት ስማቸውም ቈስጠንጢኖስ ተባለ። ሁለት ዓመት ያህል ቈይተው በአክሱም ጽዮን እንደ ቀደሙት ነገሥታት ሥርዐተ ንግሥ ፈጸሙ። በታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ዓ.ም.፥ በልደት በዓል፥ የአዳሉን ሡልጣን በድላይን በጦርነት ድል አደረጉ። የንጉሡ ልብ ግን ከጦር ሜዳ ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ የተጠመደ ነበር። በግብፅ አገር የነበረው የምጥማቅ ገዳም መፍረሱን በሰሙ ጊዜ አዝነው በተጕለት ደብረ ምጥማቅን አሠሩ። በዚሁም ስፍራ በ1442 ዓ.ም. ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ስለ ቀዳሚት ሰንበት የቈየው ክርክር ተቋጨ፤ ተለያይተው የነበሩት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትም ከጳጳሳቱ ጋር ታረቁ። ይህ ከመልካም ሥራዎቻቸው ሁሉ የላቀ ነው ብንል አንሳሳትም፤ የተጣሉትን አስታርቀዋልና።

መጻሕፍታቸውና የመጨረሻው ቀን

ንጉሡ መጽሐፈ ብርሃንን፥ መጽሐፈ ሚላድንና ሌሎችንም መጻሕፍት ደረሱ፤ አስደረሱም። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብና የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ አዘዙ። ጠንቋይንና አምልኮ ባዕድን አጥብቀው ተዋጉ። ሰውም ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፥ በእጆቹም ሰይጣንንና ጣዖታትን መካዱን የሚገልጽ ጽሕፈት እንዲይዝ ማዘዛቸውን የዜና መዋዕላቸው ጸሓፊ ይተርካል። የዮሐንስን ራእይ ያነበበ ክርስቲያን የዚህን ትእዛዝ ስሜት ቶሎ ያስተውለዋል፤ በመጨረሻው ዘመን በግንባርና በእጅ ምልክት እንደሚደረግ በዚያ መጽሐፍ ተነግሯልና። ንጉሡ ሕዝባቸውን ከሐሰተኛው ምልክት ለማዳን በእውነተኛው ምልክት አስቀድመው ሊያትሙት የፈለጉ ይመስላል።

መጽሐፈ ሚላድ ደግሞ ለጌታችን መምጣት ምስክር አድርጎ መጽሐፈ ሄኖክን አብዝቶ ይጠራል። ስለ ሄኖክ መጽሐፍ ጥቂት ቃል ማከል ያስፈልጋል። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ቋንቋ ብቻ ነው። ኤውሮፓውያን ሙሉውን ሊያነቡት የቻሉት እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ከኢትዮጵያ ቅጂዎቹን ከወሰደ በኋላ ነው። ከ1947 እ.ኤ.አ. ወዲህም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች በአራማይክ የተጻፉ ቍርጥራጮቹ ተገኝተዋል። የዚህ መጽሐፍ አንዱ ክፍል ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲናገር ሌላው ክፍል የፀሐይን መውጫና መግቢያ በሮች፥ የጨረቃን ጕድለትና ምልአት፥ የዓመቱንም ቀኖች ይቈጥራል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ጥራዝ አስረው አነበቡ፤ የሰማይን ሥርዐት መመርመር ፍርድን ከማመን ያርቃል ብለው አልፈሩም። በዘመናችን ሃይማኖትና ሳይንስ አብረው አይቀመጡም የሚል ቢኖር ይህን መጽሐፍ ቢያስታውስ ይጠቀማል።

በእባ የታየው ብርሃን

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዚያ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኰሳት ነበሩ። ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው፥ ለእመቤታችንና ለመስቀልም ክብር አይሰጡም ተብለው በመከሰሳቸው በንጉሡ ፊት ቀረቡ። በእነርሱ ወገን የተጻፉት ገድላት ክሱን አይቀበሉትም። ፍርዱ ግን ጸና፤ በየካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ከዚህ በኋላ በ38ኛው ቀን፥ መጋቢት 10 ቀን፥ ንጉሡ እባ በተባለው አገር ሳሉ በሰማይ ላይ ታላቅ ብርሃን ታየ። መጋቢት 10 ቀን ቅዱስ መስቀል የተገኘበት መታሰቢያ እንደ ሆነ ምእመናን ያውቃሉ።

ንጉሡም ይህ ብርሃን እግዚአብሔር በፍርዳቸው ደስ መሰኘቱን የሚገልጽ ምልክት ነው ብለው አመኑ። በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ አገሩም ደብረ ብርሃን ተባለ። ቀጥሎም ቤተ መንግሥትና የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከዚያ በፊት እንደ ነበረው ከሰፈር ሰፈር መዘዋወርን ትተው የቀረውን ዘመናቸውን ይበልጡን በዚያ ኖሩ። ከተማዋ ዛሬም በዚያው ስም ትጠራለች፤ ወደ መንዝና ወደ ግሼ የሚወጣ መንገደኛም ያልፍባታል። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያኗም በዚያ አለች፤ ከጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጋር እንዳትምታታ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ብርሃን የታሪክ ሊቃውንትና የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሚሉት ነገር አለ። በ1456 እ.ኤ.አ.፥ ማለት በ1448 ዓ.ም.፥ ዛሬ ሃሌ በሚባለው ሊቅ ስም የሚጠራው ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታይቶ ነበር። በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ቶስካኔሊ የተባለው ሊቅ አካሄዱን ሌሊት በሌሊት እየተከታተለ መዝግቦታል። ይህች ከተማ ከ15 ዓመት በፊት ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በጉባኤዋ የተገኙባት ናት። ከዚህ የተነሣ ከታሪክ ጸሓፊዎች አንዳንዶቹ የደብረ ብርሃን ብርሃን ይኸው ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ነገሩ የሚስብ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ስንመረምር ችግር እናገኛለን። ኮከቡ እጅግ ደምቆ የታየው በሰኔ ወር አጋማሽ አካባቢ ነው፤ ዜና መዋዕሉና ትውፊቱ ግን መጋቢትን ይናገራሉ። በመካከላቸው ከሦስት ወር በላይ አለ። ዓመቱንም 1446 ዓ.ም. የሚያደርጉ አሉ። እንግዲህ ለሳይንስ ክብር የሚሰጥ ሰው ብርሃኑ ጅራታም ኮከብ መሆኑ ተረጋገጠ ብሎ ሊናገር አይገባውም፤ ሃይማኖቱን የሚወድድም ሰው ይህን የመሰለ ምርመራ ሊቈጣ አይገባውም። ቀንን ከቀን ማስተያየት የባሕረ ሐሳብ መምህራን የዕለት ሥራ ነውና።

ሳይንስ የሚነግረን፥ የማይነግረንም

የዚህ ኮከብ ታሪክ ራሱ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌ በ1531፥ በ1607ና በ1682 እ.ኤ.አ. የታዩት ጅራታም ኮከቦች አካሄዳቸው ተመሳሳይ መሆኑን አይቶ አንድ ኮከብ ናቸው አለ። በ1758 እ.ኤ.አ. ተመልሶ እንደሚመጣም አስቀድሞ ተናገረ። እርሱ በ1742 ሞተ፤ ኮከቡ ግን በ1758 መጨረሻ ላይ ታየ። ከዚያም በ1835፥ በ1910ና በ1986 ተመላልሷል፤ ወደ ፊትም በ2061 እ.ኤ.አ. ይጠበቃል። በ75 ወይም በ76 ዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይን እየዞረ የሚኖር ከበረዶና ከአቧራ የተሠራ ፍጥረት ነው። ጅራቱ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በሙቀት ከሚተንነው ነገር የሚወጣ ነው።

አሁን እነዚህን ዓመታት ከአገራችን ታሪክ ጋር እናስተያይ። በ1531 ኮከቡ በታየበት ዓመት የአሕመድ ግራኝ ጦር በዐፄ ልብነ ድንግል መንግሥት ላይ በርትቶ ደብረ ሊባኖስንና መካነ ሥላሴን አቃጠለ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ኮከቡ የጥፋት መልእክተኛ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ይኸው ኮከብ በ1682 ሲመለስ በጎንደር ታላቁ ኢያሱ የነገሡበት፥ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ያማሩበት ዘመን ጀመረ። እንግዲህ አንዱ ኮከብ የጥፋትም የበጎም መልእክተኛ ከሆነ መልእክቱ ከኮከቡ አይደለም፤ ከሚተረጕመው ሰው ልብ ነው።

በቅርቡም በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና የተጋረደችበት ግርዶሽ በአገራችን ላይ፥ በላሊበላም በኩል ሲያልፍ ሰዓቱና መንገዱ አስቀድሞ ተቈጥሮ ታውቆ ነበር። በእንጦጦ ተራራም ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ታላላቅ የሩቅ ማሳያ መነጽሮች ተተክለው ልጆቻችን ሰማይን ይመረምሩባቸዋል። አፖፊስ የተባለ የሰማይ ዐለት በ2029 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር ከምድር 32 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት እንደሚያልፍ፥ እንደማይነካንም ተመራማሪዎች በቍጥር አረጋግጠዋል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከፍርሃት ያድነናልና ልናመሰግንበት ይገባል። ሰማይን በሥርዐት የሠራ ጌታ ባይኖር ኖሮ የሚቈጠር ነገር አይገኝም ነበር።

ነገር ግን ቍጥሩ የማይደርስበት አለ። የፀሐይን ዕድሜ የሚያሰላ ሰው ባልንጀራውን ለምን መውደድ እንዳለበት ከስሌቱ አያገኝም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ሰማያት እንደሚያልፉ፥ ፍጥረትም በእሳት እንደሚቀልጥ ሲያስተምር ትምህርቱን የሚያሳርፈው በቀኑ ቍጥር ላይ አይደለም፤ ይህ ሁሉ የሚያልፍ ከሆነ እኛ በምን ዓይነት ቅድስና መኖር ይገባናል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ሳይንስ ስለ ፍጥረት ማለፍ ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያን ፍጥረት የፈጠረው ጌታ ሊፈርድና ሊያድስ መምጣቱን ትሰብካለች። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም፤ ተቃዋሚዎችም አይደሉም።

ሰባቱ ሺህ በተፈጸመ ጊዜ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጳጕሜን 3 ቀን 1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ዐረፉ፤ ዐፅማቸው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። እርሳቸው ባረፉ በ40 ዓመት ሰባቱ ሺህ ሊፈጸም ቀረበ። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ናዖድ፥ ለእመቤታችን በደረሱት ምስጋና የታወቁት ንጉሥ፥ ስምንተኛው ሺህ በዘመናቸው እንዳይገባ እግዚአብሔርን እንደ ለመኑ ትውፊት ይነግረናል። እርሳቸውም በነሐሴ 7 ቀን 1500 ዓ.ም.፥ ሰባተኛው ሺህ ሊያልቅ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ዐረፉ። መስከረም ጠባ፤ ፀሐይ ወጣች፤ የመንዝ ገበሬም ገብሱን ሊያጭድ ወረደ።

ይህ ጥበቃ የእኛ ብቻ አልነበረም። ከጥንት መምህራን አቡሊዲስ ጌታ የተወለደው በ5500 ዘመን እንደ ሆነ ቈጥሮ የዓለም ዕድሜ በስድስት ሺህ ይፈጸማል ብሎ ነበር፤ ስድስቱ ሺህ ሞልቶ አለፈ። በሩስያም አገር በእነርሱ ቍጥር ሰባቱ ሺህ በ1492 እ.ኤ.አ. ስለሚሞላ የፋሲካ ማውጫቸው ከዚያ ዓመት አላለፈም ነበር፤ ዓመቱ ሲያልፍ ሌላ አዘጋጁ። በሀገራችንም ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ከመከራ በኋላ እንደሚነሣ ስለሚነገር ደጃዝማች ካሳ በ1847 ዓ.ም. በዚህ ስም ነገሡ። በሚከተለው ዓመት ሸዋን ሲይዙ የእነዚህ ደጋዎች ሕዝብ የጦርነቱን መከራ አየ፤ የተጠበቀው የሰላም ዘመን ግን አልመጣም።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ጌታችን ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ከሰው ልጆች እንደ ሰወረ ለደቀ መዛሙርቱ አስተምሯል። አባቶቻችንም በባሕረ ሐሳብ ያለፈውን ዘመን፥ የጾምና የበዓላትን መዋያ አገኙ፤ የምጽአትን ቀን የሚያወጣ መጥቅዕ ግን አላስቀመጡልንም። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ ገብቷልና መዝራትና ልጅ ማስተማር ከንቱ ነው የሚል ሰው የባሕረ ሐሳብ ተማሪ አይደለም። ዓለም ገና ቢሊዮን ዓመት አላት ብሎ ንስሐውን የሚያዘገይም የሳይንስ ተማሪ አይደለም፤ የፀሐይ ዕድሜ ለእርሱ ዕድሜ ዋስ ሊሆነው አይችልምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ንጉሡ ብርሃኑን ከተረጐሙበት መንገድ የሚገኘው ነው። በሰማይ የታየውን ብርሃን ለራሳቸው ፍርድ ማጽደቂያ አደረጉት። የተወገሩት መነኰሳት ወገን ግን አልጠፋም። ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዴ በትግራይ ተራሮች መካከል የቤተ ክርስቲያናችን ገዳም ሆኖ፥ የከበሩ የብራና መጻሕፍቱን ይዞ፥ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ንጉሡ ግን ብርሃኑን ካዩ በኋላም ቢሆን ከጥርጣሬ አላረፉም። ከልጆቻቸው መካከል በአምልኮ ባዕድ የተከሰሱት ተቀጥተው ሞቱ፤ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ልጇን ለማንገሥ አሢራለች ተብላ ተገርፋ በ1454 ዓ.ም. ሕይወቷ አለፈ። ይህን የምንጽፈው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም፤ መጻሕፍታቸውን ቤተ ክርስቲያን ታከብራለች፤ በደብረ ምጥማቅ ያወረዱትም ሰላም አይረሳም። ነገር ግን ያን ያህል የተማሩና የሚጾሙ ንጉሥ በሰማይ ምልክት ሊሳሳቱ ከቻሉ እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባናል!

አንባብያን ሆይ፥ ዛሬም ግርዶሽ ወይም ጅራታም ኮከብ፥ ድርቅ ወይም ወረርሽኝ በታየ ቍጥር ጠላቶቻችን የተፈረደባቸው፥ እኛ የተመሰገንን የሚመስለን ብዙዎች ነን። ወንጌል የሚያዘን ግን ምልክትን ባየን ጊዜ የራሳችንን ልብ እንድንመረምር ነው። ጌታ በክብሩ ሲመጣ የሚጠይቀን የተራበውን ማብላታችንን፥ የታረዘውን ማልበሳችንን፥ የታመመውንና የታሰረውን መጐብኘታችንን እንደ ሆነ አስቀድሞ ነግሮናል። ለዚህ ፈተና ኮከብ መቍጠር አያስፈልግም።

እንግዲህ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐቤቴ ሽማግሎች ለልጆቻቸው ባሕረ ሐሳቡን ያስተምሩ፤ ልጆችም የተማሩትን የሥነ ፈለክ ትምህርት ለአባቶቻቸው በትሕትና ያስረዱ። በደጋው ጥርት ያለ የበጋ ሌሊት አብረው ወደ ሰማይ ቢመለከቱ አንዱ የፈጣሪን ጥበብ፥ ሌላው የፍጥረትን ሥርዐት ይነግረዋል። ሁለቱም ጎሕ ሲቀድ ወደ ሥራቸው፥ ወደ ጸሎታቸውና ወደ ጎረቤታቸው ይመለሱ።

በመጣ ጊዜ ተግተን የምንገኝ ያድርገን፤ አሜን።